ወላጅ አምጣ

በእኛ ዘመን ተማሪ ቤት ከእነዚህ ሁለት ቃላት የከበደ ቅጣት አልነበረም። አለንጋ ያልፋል። ጠጠር ላይ መንበርከክም ያልፋል፤ ጉልበት ላይ የተወው ጉድጓድ እስከ ማታ ይሞላል። «ወላጅ አምጣ» የተባለ ልጅ ግን በአንድ ቀን ሁለት ቤት ይዘጋበታል፤ ትምህርት ቤቱ ያለ ወላጅ አያስገባው፣ ቤቱ ደግሞ ወሬውን ይዞ በሰላም አያስገባው። ከተማ ያደጉ ጓደኞቼ መንገድ ላይ ያገኙትን ጎልማሳ ለምነው፣ ሳንቲም አስጨብጠው፣ «አጎቴ ነው» ብለው ይዘውት ይቀርቡ እንደነበር ያወራሉ። እኔ የምለምነው ሰው አልነበረኝም። ሰባተኛ ክፍል ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ ስማር ወላጅ አምጣ ተባልሁና ግማሽ ቀን በእግሬ ተጉዤ ለአባቴ ነገርሁት። በማግስቱ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ ከእኔ ሁለት እርምጃ እየቀደመ መጣ፤ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ ባርኔጣውን አወለቀ። ያጠፋሁት ገና ሳይነገረው «እርስዎ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ልጁ የእርስዎ ነው» አለ።

ያች አነጋገር ብዙ ዓመት አሳፍራኛለች። የፈራ፣ ያልተከራከረልኝ፣ አሳልፎ የሰጠኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው አባቴ የተናገረው የሚያውቀውን ውል ነው። ልጅ ለመምህር ሲሰጥ አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ የሰጡትን ሰው በየቀኑ እየሄዱ አይመረምሩበትም። በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ወላጅ ልጁን የኔታ እግር ሥር አስቀምጦ ሲመለስ ኖሯል። ፊደል፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ እያለ ልጁ ሲያድግ ወላጅ የሚጠይቀው «ዳዊት ደገመ ወይ?» ብሎ ነው፤ የደገመ ለታ ይደግሳል። ከዚያ ወዲያ ዜማ ወይም ቅኔ ፍለጋ የወጣው ልጅ ጭራሽ አገር ይለቃል፤ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ በሰው ደጅ እየለመነ ይማራል። እናቱ መኖር አለመኖሩን የምትሰማው ከመንገደኛ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። አፄ ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ከፈቱ፤ በዚያው ዘመን ከስድስት ዓመት በላይ የሆነ ወንድም ሴትም ልጅ ወደ ትምህርት ይግባ የሚል አዋጅም አስነገሩ። ልጁን ያላስተማረ ወላጅ ሲሞት ሀብቱ ለልጁ መሆኑ ቀርቶ ለመንግሥት ይሆናል የሚል ማስፈራሪያ ነበረው። አዋጁ ወላጅን የፈለገው ልጁን ከበሩ እስኪያደርስ ድረስ ነው።

አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። ከመደበኛ ሥራዬ ጎን በሴንት ፖልና በሚኒያፖሊስ ትምህርት ቤቶች ለአማርኛ ተናጋሪ ወላጆች አስተረጉማለሁ። እዚህ መምህር ወላጅን «ኮንፈረንስ» ብሎ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ አንዴ ቅጠል ሲረግፍ፣ አንዴ በረዶው ሊለቅ ሲል። የሚጠራው የሁሉንም ልጅ ወላጅ ነው፤ የጎበዙንም፣ የሰነፉንም፣ ድምፁ የማይሰማውንም። ይህንን ያልሰማ፣ ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው አንድ አባት ደብዳቤው ሲደርሰው ከፓርኪንግ ሥራው አስፈቅዶ፣ ኮትና ክራቫት አድርጎ መጣ። ልጁ አጠገቡ ዓይኑ አብጦ ተቀምጧል፤ ሌሊቱን «ምን አጠፋህ? ተናገር!» ሲባል ያደረ ነው። መምህርቷ ፈገግ ብላ «ልጅዎ በጣም ደስ የሚል ልጅ ነው» አለች፤ አስተረጎምሁ። አባትየው መምህርቷን አየ፣ እኔን አየ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ታዲያ ለምን ጠሩኝ፣ ጋሼ?» አለኝ።

ጥያቄውን እንዳለ አስተረጎምሁላት። ትንሽ ዝም አለችና «ልጁን ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት እርስዎ ስለሆኑ ነው፤ ልጁ የእርስዎ ነው» ብላ መለሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ከልቤ አልወጣም። አባቴ ለዳይሬክተሩ የተናገራትን ቃል ይህች መምህርት ለአባትየው መለሰችለት። አንዱ ለሌላው የሚመልሰው ልጅ በመካከል ተቀምጦ ጫማውን ያያል።

ሚኒሶታ ወላጅን በትምህርት በማሳተፍ ሩቅ ሄዷል። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ለትምህርት ያልደረሱ ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ጋር የሚቀበል የመንግሥት ፕሮግራም አለው፤ ሕፃናቱ ሲጫወቱ ወላጆቹ ሌላ ክፍል ገብተው ስለ ልጅ አስተዳደግ ከመምህር ጋር ይነጋገራሉ። መጀመሪያ ስሰማ ገርሞኝ ነበር። ወላጅነትን ክፍል ተቀምጦ የሚማር ሰው ምን ቢጎድለው ነው አልሁ። የጎደለውን የተረዳሁት እኔም ልጆች ወልጄ ሲጎድለኝ ነው። በእኛ ሰፈር ልጅ የሚያሳድገው ወላጁ ብቻ አልነበረም። ድንጋይ ስወረውር ያየኝ የመጀመሪያው ትልቅ ሰው፣ ዘመድ ይሁን ባዳ፣ ጆሮዬን ይዞ ቤቴ ያደርሰኛል፤ እናቴም «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትሸኘዋለች። አያት ተረት ትነግራለች፣ አክስት ታባብላለች፣ የክርስትና አባት ይመክራል፣ ጎረቤት ይቆጣል። አባት ዝም ማለት ይችል የነበረው ሌላው ሁሉ ስለሚናገርለት ነው። እዚህ የዚያን ሁሉ ሰው ሥራ ሁለት ሰዎች ይዘውታል፤ ብዙ ጊዜም አንዲት እናት ብቻዋን። አያት ያለችው ውቅያኖስ ማዶ ነው። ጎረቤት ጆሮ ቢይዝ ፖሊስ ይመጣል። አባት የአባቱን ዝምታ ይዞ መጥቷል፤ ዝምታውን ይሞሉለት የነበሩት ሰዎች ግን አብረውት አልመጡም። ልጁ ቤት ውስጥ የሚሰማው ዝምታውን ብቻ ነው።

ቡናው ግን አልቀረም። ስለ ትምህርት ቤት የሚያስፈልገውን ዕውቀት ያገኘሁት ከመሥሪያ ቤት ወረቀት ይልቅ ቅዳሜ ከሰዓት ከሚጠጣ ቡና ነው። የሚኒሶታ ሕግ ከእ.ኤ.አ. 1985 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የኮሌጅ ትምህርት በመንግሥት ወጪ እንዲወስድ እንደሚፈቅድ የነገረችኝ ልጇን በዚያ መንገድ ያስተማረች ሴት ናት፤ ስኒ እያጠበች ነው የነገረችኝ። የሄነፒን ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት ከትምህርት ሰዓት በኋላ የቤት ሥራ በነፃ እንደሚያግዝ የሰማሁትም እዚያው ነው። ልጇን ለጥምቀት አገር ቤት ይዛ የሄደች እናት ልጁ 15 የትምህርት ቀን በተከታታይ ከቀረ ስሙ ከመዝገብ እንደሚሰረዝ ያወቀችው ተመልሳ ነው፤ እሷ ከነገረችን ወዲህ ከእኛ ስኒ የጠጣ ሰው ሁሉ ሳያሳውቅ አይሄድም። ይህንን የሚያክል ትምህርት ቤት ያለው ሕዝብ ብቻውን ነው ማለት አይቻልም። ቡናው ላይ ግን አባቶች የሉም። እኔም ለብዙ ዓመት አልነበርሁም።

ከሁሉ የከበደው የቋንቋው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ትምህርት ቤት ወላጅን በሚገባው ቋንቋ ሊያነጋግር ይገባዋል፤ እኔም ለዚህ ነው የምጠራው። ሁልጊዜ ግን አልጠራም። አንዳንዴ ዘግይቼ ስደርስ ልጁ ራሱ እያስተረጎመ አገኛለሁ። መምህሩ ሦስት ደቂቃ ይናገራል፤ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ ወደ እናቱ ዞሮ «ጎበዝ ነው ይላል» ብሎ ይጨርሳል። እናት ደስ ይላታል፤ መምህሩ ደግሞ የተናገረው የገባት መስሎት ያመሰግናታል። ልጁን ውሸታም አልለውም። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ የራሱን ክስ ለዳኛው እንዲያነብ የተሰጠው ልጅ ነው።

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት ሊሆን የማይችለውን ነገር ለመሳቅ የተባለ ነበር። እዚህ የየቀኑ ኑሮ ነው። የቤት ኪራዩን ደብዳቤ የሚያነበው ልጁ ነው፤ ለመብራት ቢሮ የሚደውለው ልጁ ነው፤ ሐኪሙ ለእናት የሚለውን መጀመሪያ የሚሰማው ልጁ ነው። አሌሃንድሮ ፖርቴስና ሩቤን ሩምባውት የሚባሉ ሁለት ሶሲዮሎጂስቶች የስደተኛ ልጆችን ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንን መገላበጥ በዝርዝር ጽፈውታል፤ ልጁ የአገሩን ቋንቋና ጠባይ ከወላጁ ቀድሞ ሲይዝ፣ ወላጁም በልጁ ላይ ሲደገፍ፣ ሥልጣን ከላይ ወደ ታች መውረዷን ታቆማለች። ኪራይ መዘግየቱን በአሥር ዓመቱ የሚያውቅ ልጅ የሚመራውን ሰው ምራኝ ማለት ያቅተዋል።

ይህንን ባነበብሁ ጊዜ አዝኜ ተቀበልሁት። በኋላ ግን እናቴን አስታወስሁና ነገሩ እንዳለ አልዋጥልህ አለኝ።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርሁ። በቀጣዩ ዓመት እኛ ቀበሌም ተጀመረ፤ ሴቶች ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ተሰብስበው ፊደል ይቆጥራሉ። እናቴ ከዚያ ስትመለስ ኩራዙ አጠገብ ቁጭ ብላ ደብተሯን ትዘረጋለች፤ እኔ ስድስተኛ ክፍል ስለሆንሁ አስጠናታለሁ። ስሟን እንድትጽፍ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ልጅ ለእናቱ ምጥ አስተማረ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ሥልጣኗ ግን ከእጇ አልወጣም። «ቸኮልህ፤ እንደገና በል» ትለኛለች። «እንዲህ አድርገህ ነው ለሰው የምታስረዳው?» ትለኛለች። ፊደሉን የማውቀው እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሚነገር፣ እንዴት እንደሚታገሡ፣ ላላወቀ ሰው እንዴት ዝቅ እንደሚሉ የምታውቀው እሷ ናት። ያች ክፍል ሁለት አስተማሪ ነበራት።

ስለዚህ ልጁ የበለጠ ማወቁ ብቻውን ወላጅን አይሽርም። ወላጅ የሚሻረው ሲያፍር ነው፤ አፍሮ ዝም ሲል፣ ዝም ብሎ ከጨዋታው ሲወጣ። «እኔ የዚህን አገር ትምህርት አላውቅም» ብሎ በሩን የሚዘጋ አባት ስንቱን አይቻለሁ። የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቅ ቆጥሮታል።

አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ዘመቻውም ሲመጣ «ለእኔ ጊዜው አልፏል» ብሎ አልገባበትም። ማታ ከብት ካስገባ በኋላ ግን እሳት ዳር ተቀምጦ «ዛሬ ምን ጨመርህ?» ይለኛል። የጨመርሁትን እነግረዋለሁ። ስለ ናይል ምንጭ፣ ስለ ክፍልፋይ ቁጥር፣ ስለ ልብ ምት። አንድ ማታ ደክሞኝ ያለፈውን ቀን ትምህርት ደገምሁለት። እሳቱን እየቆሰቆሰ ሰማኝና «ይኼንን ትናንት ነግረኸኛል» አለ። ሌላ ምንም አላለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ ስቀመጥ ማታ የምናገረው ነገር አለብኝ እያልሁ ነው የማዳምጠው። አንድም ቀን ደብተሬን አላየም፤ እንደ እሱ የተቆጣጠረኝ መምህር ግን አላገኘሁም።

የጥንቱ ትምህርታችን ይህንን ያውቀዋል። በቅኔና በዜማ ቤት ስመ ጥር ከነበሩት መምህራን አንዳንዶቹ ዓይነ ሥውራን ነበሩ። የኔታ ብራናውን አያይም፤ ተማሪው ፊት ተቀምጦ ያሰማዋል። ከመቶው ተማሪ አንዱ አንዲት ፊደል ብታመልጠው፣ አንዲት ድምፅ ሊያነሣ ሲገባው ቢጥል፣ የኔታ ቀና ይላል። ተማሪው ደንግጦ ይደግማል። ያ ልጅ የተማረው የሚሰማው ጆሮ ስለነበረው ነው። ወላጅ ልጁን ምን ያህል ሊመራው ይችላል ብለው ለሚጠይቁኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ሒሳቡን አስረዳው አይባልም። «አስረዳኝ» በለው። የተረዳው ነገር ከአፉ ይወጣል፤ ያልተረዳው ይደናቀፋል፤ መደናቀፉን ለመስማት ደግሞ አልጀብራ ማወቅ አያስፈልግም።

እዚህ ቀላሉ መንገድ ሌላ ነው። የሚኒያፖሊስ ወላጅ የልጁን ውጤት በስልኩ ያየዋል፤ ኢንፊኒት ካምፐስ ይባላል መተግበሪያው፤ የሠራው ድርጅት ራሱ ብሌን በምትባለው የአቅራቢያችን ከተማ ነው ያለው። ያልገባ የቤት ሥራ በየሰዓቱ ይታያል። ጠቃሚ ነው፤ እኔም እከፍተዋለሁ። ግን አንድ አባት ከመኪና ማቆሚያው ዳስ ሆኖ ስልኩን እያየ ልጁ ላይ ሲጮህ ሰምቻለሁ፤ «ሦስት ሚሲንግ አለብህ!» ማታ ሲገባ ልጁ ተኝቷል። በነጋታውም እንዲሁ። ሦስቱ ምን እንደነበሩ፣ ልጁ የትኛው ከብዶት የትኛውን ረስቶት እንደሆነ አልተነጋገሩም። ቁጥሩን አይቶታል፤ ልጁን ሳያየው ሳምንቱ አለቀ።

በዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። ትልቋ ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ አንዲት መምህርት በቅን ልብ «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብታናግሯት ቶሎ ትደርሳለች» አለችን። ሁለት ዓመት እንደዚያ አደረግን። እራት ላይ የምናወራው በማንችለው ቋንቋ ሆነ፤ ስለዚህ አጭር አጭር ሆነ። ብሊ፣ ተኚ፣ ቤት ሥራሽን ጨርሺ። ተረት የለም፣ ተረብ የለም፣ «በልጅነቴ አንድ ጊዜ» የለም። ልጄ እንግሊዝኛውን ከእኛ አልተማረችም፤ ከእኛ ልትማር የምትችለውን ግን አጣች። ጂም ከሚንስ የሚባል የካናዳ ምሁር ከእ.ኤ.አ. 1979 ጀምሮ የሚከራከርለት ነገር አለ፤ ልጅ በአፍ መፍቻው ያዳበረው ማሰብና ማንበብ ወደ ሁለተኛው ቋንቋ አብሮት ይሻገራል። ይህንን ያነበብሁት ከረፈደ ነው። ሚኒሶታም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሕግ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ አጥርቶ የሚያውቅ ተማሪ በዲፕሎማው ላይ የሁለት ቋንቋ ማኅተም እንዲያገኝ ፈቅዷል። ትንሿ ልጄ ለዚያ ማኅተም ስትዘጋጅ ትልቋ አጠገቧ ቁጭ ብላ ፊደሉን ከእሷ ትማር ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልቅሻለሁም።

አሁን ስለ አንዲት እናት ልናገር። ነርሲንግ ሆም የማታ ፈረቃ የምትሠራ፣ የአራተኛ ክፍል ልጅ ያላት። የኮንፈረንሱ ቀን መምህሩ የልጅቷን የንባብ ደረጃ፣ የሒሳቡን፣ የፈተናውን ሁሉ ዘረዘረ፤ አስተረጎምሁ። አዳመጠችና «እሱስ ይሁን፤ ልጄ ጨዋ ናት ወይ?» አለች።

ይህንን እንዴት አድርጌ ላስተርጉመው? ጨዋ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል የለውም። ትሑት፣ ሰው አክባሪ፣ የቤተሰብ ልጅ፣ ራሷን የምትገዛ፤ ሁሉንም ብደረድር አይሞላም። እንደምንም ተናገርሁ። መምህሩ ፊቱ በርቶ «በጣም! እንዲያውም እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው፤ እጅ አታወጣም፣ ዓይኔን አታይም፣ እያወቀች ዝም ትላለች» አለ። ይህንን ወደ አማርኛ መለስሁት። እናትየው ፈገግ አለች። መምህሩ ችግር ብሎ የነገራትን እሷ ምስጋና አድርጋ ሰማችው።

ማናቸውም አልተሳሳቱም። በእኛ ቤት የታላቅን ዓይን ትክ ብሎ የሚያይ ልጅ «ዓይን አውጣ» ነው፤ ዓይኑን የሚሰብር «ዓይን አፋር» ይባላል፤ ስድብ አይደለም። በዚህ አገር ክፍል ውስጥ ዓይኑን የሰበረ ልጅ ወይ አልገባውም፣ ወይ አንድ ነገር ደብቋል ተብሎ ይታሰባል። አንዷ ልጅ በቀን ሁለት ጊዜ ዓይኗን መለወጥ አለባት፤ ጠዋት አውቶቡሱ በር ላይ፣ ከሰዓት እቤቷ በር ላይ። ይህንን የሚነግራት ሰው ከሌለ የምታስበው አንደኛው ቤት የተሳሳተ ነው ብላ ነው። የትኛው እንደሚሆን ደግሞ እናውቃለን።

መምህሩ ሌላ ወላጅ ጋ ሲሄድ ከእናትየው ጋር ኮሪደር ላይ ቆምን። ስለ ቅኔ ቤት አጫወትኋት። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ለየኔታ ይሰግዳል፣ እግራቸውን ያጥባል፣ እንጨት ይለቅማል፤ ጨዋነቱ ይኸው ነው። ጉባኤ ሲዘረጋ ግን በየቀኑ ማንም ያልተቀኘውን አዲስ ቅኔ ይዞ መቅረብ አለበት። የትናንቱን ቢደግም ይታወቅበታል፤ የሰው ቢሰርቅ ያፍራል። ከጓደኞቹ ጋር ይከራከራል፣ ይነቅፋል፣ ይነቀፋል። የኔታም ጥሩ ምሥጢር ከሕፃን አፍ ቢወጣ ይቀበላል። መስገድም መናገርም በአንድ ልጅ ውስጥ ሲያድሩ ኖረዋል። ድፍረት የዚህ አገር ጠባይ አይደለም፤ እኛም ቤት ቦታ ነበረው፤ ቦታው ጉባኤው ነው። «ታዲያ ክፍሉ ጉባኤሽ ነው ልበላት?» አለችኝ። እንዲያ በያት አልኋት።

ሌላ የምፈራው ነገር አለ፤ እሱን ደግሞ ከብዙ ወላጅ አፍ ሰምቻለሁ፤ ከራሴም። «እኛ እዚህ በረዶ የመጣነው ለእናንተ ብለን ነው።» እውነት ነው። ግን ለልጅ ሲነገር ዕዳ ይሆናል፤ ያልተበደረው ዕዳ። በሒሳብ ሲወድቅ ሒሳብ ብቻ አልወደቀም፤ የአባቱን ስደት አጥፍቶበታል። ጥፋቱን የሚደብቅ ልጅ የሚወለደው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አባቴ አርሶ ያስተማረኝ ለእኔ ብሎ ነው፤ አንድም ቀን አልነገረኝም። «ዛሬ ምን ጨመርህ?» ብቻ ነበር የሚለኝ።

ሚኒያፖሊስ ውስጥ በፍራንክሊን ጎዳና እ.ኤ.አ. በ1914 የተከፈተ አሮጌ ቤተ መጻሕፍት አለ። የሐበሻና የሶማሌ ልጆች ማታ ማታ እዚያ የቤት ሥራ ሲሠሩ አያለሁ። ያ ሰፈር የዚህ ምድር ቀደምት ሕዝቦች የከተማ መኖሪያም ነው። የእነሱ አያቶች ከወላጅ ተነጥቀው የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ፀጉራቸው ተቆርጧል፣ ቋንቋቸውን በመናገራቸው ተቀጥተዋል። ወላጅ ለልጁ ጎጂ ነው የሚል አሳብ መንግሥታዊ መመሪያ የሆነበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 በዚህችው ከተማና በሴንት ፖል ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት እየሸሹ የቀሩባቸው፣ በዚያም ምክንያት ልጆቻችሁ ይወሰዳሉ የተባሉ ወላጆች ከአሜሪካ ሕንዶች ንቅናቄ ጋር ሆነው የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሚኒያፖሊስ የተከፈተው የምድር ልብ የሚል ትርጉም ያለው ሃርት ኦፍ ዚ ኧርዝ ተባለ፤ ሴንት ፖል የተከፈተው ሬድ ስኩል ሃውስ። ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ብዙዎቹ ወላጆች ራሳቸው የተጎዱት በትምህርት ቤት ነው። ሆኖም ልጆቻቸው የሚማሩበት ክፍል ውስጥ ገብተው ተቀመጡ።

እኔን የሚነካኝ ይህ መቀመጥ ነው። እኛም ቅዳሜና እሑድ በየአብያተ ክርስቲያኑ ፊደል የምናስቆጥርበት ክፍል አለን፤ ሙስሊሞቹም ወገኖቻችን ቁርኣን ቤት አላቸው፤ በዚህ ከተማ ከአገራችን ከመጣው ሰው ብዙ የሆኑት ኦሮሞዎችም ልጆቻቸውን በአፋን ኦሮሞ ያስተምራሉ። የማየው ግን ወላጁን በር ላይ ነው። ልጁን ያወርዳል፤ መኪናው ውስጥ ሞተሩን እንዳስነሣ፣ ማሞቂያውን እንደከፈተ፣ ስልኩን እያየ አንድ ሰዓት ይጠብቃል። አባቴን አየዋለሁ በዚያ መስታወት ውስጥ፤ በሩ ድረስ አድርሶ የቆመውን። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሆኖ ሳለ እንኳ የሚገባ ጥቂት ነው። ግቡ፤ ወንበር አለ። ልጆቹ «ሀ» ሲሉ አብራችሁ በሉ።

ያችን እናት በጸደዩ ኮንፈረንስ ዳግመኛ አገኘኋት። ልጅቷ አሁንም ዝም ትላለች አለ መምህሩ፤ አልፎ አልፎ ግን እጅ ታወጣለች። የንባቧን ነገር ሲናገር ተገርሞ ነበር፤ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያስነብባት ጠየቀ። እናትየው «እኔ» አለች። እንግሊዝኛ ማንበብ እንደማትችል መምህሩም እኔም እናውቃለን።

ለእኔ ኮሪደር ላይ ነገረችኝ። ማታ፣ ዕረፍት ስትወጣ፣ ከሠራተኞቹ ክፍል ጥግ ቁጭ ብላ ትደውላለች። «አሰሚኝ» ትላታለች። ልጅቷ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ከመጽሐፏ ሁለት ገጽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች። እናትየው ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች።

«አንድ ቀን መሐል ላይ ‹እዚያ ጋ ተይው፣ ድገሚው› አልኋት» አለችኝ። «‹እማ፣ እንግሊዝኛው ገባሽ እንዴ?› አለችኝ። ‹አልገባኝም፤ አንቺ ግን እዚያ ጋ ቸኮልሽ› አልኋት። ዝም አለች። ከዚያ ገጹን ስትመልስ ሰማሁ፤ ከላይ ጀመረችው።»